ኮሃ ላይ «ሥነ ጽሑፍ» ያለ ያገኛል፣ «ስነ ፅሁፍ» ያለ አያገኝም፤ ተስተካክሎ ነበር፣ ጠፋብን

ካርድ ሳጥን (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሴት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግማሹን ያሳለፍኩት በካርድ ሳጥን ፊት ስለሆነ ስሜን ከዚያ ወስጃለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ኮሃ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚይዝና የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ከእሱ በፊት የመጻሕፍታችን ዝርዝር በኤክሴል ነበር የተያዘው፤ የተጻፈውም ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ አማርኛ ፊደል ነው። ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚወጣው አማርኛ ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ነጠላ ሰረዝ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ እስኪያገኝ የተቀመጠ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ደቢያንን (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው) ጭኖ ኮሃን አስገባልን። ዝርዝሩን እኔና አንዲት ባልደረባዬ በሁለት ክረምት እንደ አዲስ ጻፍነው፤ ስድስት ሺህ ገደማ መጽሐፍ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ይፍረደኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንዳችን ርእሱን በጩኸት እናነባለን፣ ሌላችን እንጽፋለን። መብራት ሲሄድ ቡና እናፈላለን።

ሥራውን ጨርሰን ለአንባቢ በከፈትን ሰሞን አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መጣና መፈለጊያው ላይ «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ጻፈ። ምንም አልወጣም። ከጀርባዬ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ አለ። «አለ እኮ» አልኩት። ኮምፒውተሩ «የለም» ብሎታል። ልጁ ኮምፒውተሩን አምኖ ሄደ።

እኛ መዝገቡ ላይ ያሰፈርነው «ሥነ ጽሑፍ» ብለን ነው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። «ሥ» ሁለት መልክ አለው፣ «ጽ» ሁለት፣ «ሑ» ሦስት። አንዱን ቃል በአሥራ ሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ማሽኑ ደግሞ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ባይ ነው። «ዓፄ» ስምንት ሆነ። «ፀሐይ» ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ያ ኮሃን ያስገባልን ልጅ የፊደሎቹን ዝርዝር ከእኔ ተቀብሎ አንድ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር አስገባ፤ «ሠ»ን እንደ «ሰ»፣ «ፀ»ን እንደ «ጸ»፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን እንደ «ሀ»፣ «ዐ»ን እንደ «አ»። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ መደርደሪያ ያደርሱ ጀመር። ለአሥራ አንድ ወር ሰላም ሆነ።

ልጁ ሥራ አግኝቶ ከጅማ ወጣ፤ እሰየው። በሰኔ ሌላ ባለሙያ አስመጥተን ኮሃን ወደ አዲሱ እትም አሳደገልን። ሲያሳድግ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ማሽኑ በየመሃሉ ይጠይቃል፣ እሱ «አዎ» ይላል፤ ይጠይቃል፣ «አዎ»። በማግሥቱ «ስነ ፅሁፍ» ተመልሳ የለችም። ደብተሬ ላይ የፊደሎቹ ዝርዝር አለ፤ ፋይሉ የት እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። አለቃዬ ነገሩን ሰምተው «በነጻ የመጣ በነጻ ይሄዳል» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ።

የምጠይቀው ይኸው ነው። ፋይሉ የት ነው? ደግሞስ በየዓመቱ እንደ ጭቃ ቤት ስንለስን እንኖራለን ወይስ ከሥር የሚታረምበት መንገድ አለ? የፕሮግራሙ ሠሪዎች ከማንም እርማት ይቀበላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ፕሮግራም አልጽፍም፤ እንግሊዝኛዬም መዝገበ ቃላት አጠገቤ ካለ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ (አዲስ አበባ)

እትዬ ካርድ ሳጥን፣ መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርዎት፤ የጠፋ ነገር የለም።

ደቢያን ላይ የማስተካከያ ፋይሎች ሁሉ የሚቀመጡት «ኢቲሲ» በሚባለው ማኅደር ነው። እዚያ ውስጥ «ኮሃ»ን ይክፈቱ፣ ከዚያ «ዜብራዲቢ»ን፣ ከዚያ እንደገና «ኢቲሲ»ን። «ዎርድስ» እና «አይሲዩ» የሚሉት ቃላት በሰረዝ ተያይዘው ስሙ የሆነ የኤክስኤምኤል ፋይል ያገኛሉ። ልጁ የነካው እሱን ነው። ዜብራ ማለት የኮሃ ጠቋሚ ነው፤ የርስዎን ካርድ ሳጥን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ቃላቱን ከመደርደሩ በፊት በዚያ ፋይል ሕግ ያጣራቸዋል። አንባቢው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ወንፊት ስለሚያልፍ ሁለቱ ይገናኛሉ።

የጠፋው እንዴት ነው? አንድን የማስተካከያ ፋይል እናንተም ነክታችሁት፣ ሠሪዎቹም በአዲሱ እትም ቀይረውት ከሆነ ደቢያን ቆም ብሎ «የናንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላስገባ?» ይላል። ዝም ብሎ ኢንተር የተጫነ ሰው የራሱን ያቆያል። «አዎ» ያለ አዲሱን ያስገባል። ባለሙያችሁ አዎ ባይ ሰው ነበር። ሆኖም አሮጌው አይጣልም፤ እዚያው ጎረቤቱ፣ በስሙ መጨረሻ «ዲፒኬጂ-ኦልድ» የሚል ተቀጥሎበት ይቀመጣል። ይፈልጉት፣ አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌውን እንዳለ በአዲሱ ላይ አይገልብጡት። ሠሪዎቹ የቀየሩት ነገር ይኖራል። የልጁን መስመሮች ብቻ ይቅዱ። ሌላም አለ። በዚያው ማኅደር «ዲፎልት» የሚባል አጭር ፋይል አለ፤ ዜብራ ቃላትን በየትኛው ወንፊት እንዲያጣራ የሚያዝዘው እሱ ነው። እሱም ወደ ፋብሪካ መልኩ ተመልሶ ከሆነ የመጀመሪያው ፋይል ምንም ቢታረም የሚያየው የለም። ሁለቱን ካስተካከሉ በኋላ ጠቋሚውን ከዜሮ እንደገና መገንባት ግዴታ ነው፤ አዲሱ ሕግ ቀድሞ በተደረደረ ቃል ላይ በራሱ አይሠራም። ስድስት ሺህ መጽሐፍ ብዙ አይደለም፤ ቶሎ ያልቃል።

ዜብራን ትተው ኢላስቲክሰርች ወደሚባለው ሌላ ጠቋሚ የተሻገሩ ቤተ መጻሕፍት ካሉ መርሁ አንድ ነው፣ ፋይሉ ግን ሌላ ነው። እዚህ ውስጥ አልገባበትም።

ጡረተኛው (ደሴ)

ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛና ግእዝ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናንተ «ማስተካከል» የምትሉትን እኔ ማፍረስ እለዋለሁ። «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ ፀሐይ ትሠርቃለች። «ሰረቀ» ሌባው ያደረገው ነው። «ሠዓሊ» በቀለም ይሥላል፤ «ሰአሊ» ለምኚ ነው። ማሽን ይህን ሁሉ በአንድ ጆንያ እንዲከት ፈቅዳችሁ ተማሪው ፊደሉን ከየት ይማር? ልጁ «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ከጻፈ ይታረም እንጂ ማሽኑ ለምን ይበላሽለታል?

ካርድ ሳጥን (ጅማ)

ጋሼ ጡረተኛው፣ አከብርዎታለሁ፤ ካርዶቼንም የጻፍኩት እርስዎ ባሉት ሆሄ ነው። ግን ያ ልጅ ሊታረም ሳይሆን መጽሐፍ ሊዋስ ነው የመጣው። መጽሐፉን ካላገኘ ትክክለኛውን ሆሄ የት ያየዋል? ስክሪኑ ላይ የሚታየው እኮ እኛ የጻፍነው ነው፤ «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ይጠይቃል፣ «ሥነ ጽሑፍ» የሚል መልስ ያገኛል። የሚጣራው ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ጠቋሚ ብቻ ነው። ፀሐይ የወጣችበትን የፈለገ ሰው አንድ ሁለት የሌባ መጽሐፍ ቢጨመርለት ይለፈው እንጂ አይጎዳም።

ሰርቨር ጠባቂ፣ ተባረክ። ነገ ጠዋት እሞክራለሁ፤ ዛሬ መብራት የለም።

ወረፋ ያዥ (ባሕር ዳር)

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ እኔ ጋ አለ፤ ከአምስት ዓመት በፊት እኔም እዚያው በር ላይ ቆሜ ነበር።

መጀመሪያ ለአለቃዎ ይህን ይንገሩልኝ። ኮሃ ከኒው ዚላንድ የመጣ ነው፤ ሆሮውሄኑዋ በሚባል አውራጃ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ያሠሩት ነው። የቀድሞው ፕሮግራማቸው 2000ን የማይሻገር ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ መግዛት ደግሞ ከአቅማቸው ጋር አልሄደም። ካቲፖ የሚባል አነስተኛ ኩባንያ አዲስ እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሥራ ጀመረ (እኛ ገና 1992 ላይ ነበርን፣ አልቸኮልንም)። ከዚያ እንደ ንብረት ቆልፈው አልያዙትም፣ ማንም እንዲወስደውና እንዲያሻሽለው በነጻ ፈቃድ ለቀቁት። «ኮሃ» በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ነው፤ ግን እንግዳ ይዞ የሚመጣው ዓይነት፣ ተቀባዩም በተራው የሚመልሰው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ እንደማይኬደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የውጭ ኩባንያ ስሙን በዚያው አገር የንግድ ምልክቱ ሊያደርገው ሲል ከየአገሩ የተነሣው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም፤ በመጨረሻም አልተሳካለትም። ስለዚህ «በነጻ የመጣ» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው ልክ።

አሁን ወደ በሩ። ሠሪዎቹ እንከንና ሐሳብ የሚመዘግቡበት ባግዚላ የሚባል መዝገብ አለ። ማንም ሰው ስም አስመዝግቦ መጻፍ ይችላል። አንዱ እርማት ይዞ ሲመጣ ወዲያው አይገባም። መጀመሪያ እርማቱን ያልሠራ ሌላ ሰው ሞክሮ «ሠርቶልኛል» ብሎ ስሙን ያኖራል። ከዚያ የጥራት ቡድኑ ያየዋል። ከዚያ የእትሙ ኃላፊ ያስገባዋል። እትሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በኅዳር ገደማ ይወጣል፤ ቁጥሩም ዓመቱና ወሩ ነው። ልብ ይበሉ፤ ያ የመጀመሪያው ፈራሚ ፕሮግራመር መሆን የለበትም። ለሙከራ ብቻ የተዘጋጁ ኮሃዎች በኢንተርኔት አሉ፣ እርማቱን እዚያ ላይ ይጭኑልዎታል፣ እርስዎ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ያውሳሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይፈልጋሉ። መጽሐፍ ሲዋስ ምን እንደሚበላሽ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ፕሮግራመር አላየሁም። እኔ የመጀመሪያዬን ስፈርም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ሁለት መስመር ነበር፣ አንዱ ሰላምታ። ማንም አልሳቀም።

ግን የእርስዎን ሕግ እንዳለ «ለሁሉም ይግባ» ብለው አይላኩት፤ እንደማይሆን ከወዲሁ ልንገርዎት። ለአማርኛ ትክክል የሆነው ለትግርኛ ስሕተት ነው። ትግርኛ ላይ «ሀ» እና «ሐ» በድምፅ የተለያዩ ናቸው፣ «አ» እና «ዐ»ም እንደዚሁ። የመቐለ ወይም የአስመራ ቤተ መጻሕፍት የእርስዎ ሕግ ሳይጠይቁ ቢገባባቸው እንደ ጋሼ ጡረተኛው ይጮኻሉ፣ እውነትም ይኖራቸዋል። «ሠ»ና «ሰ»፣ «ፀ»ና «ጸ» ግን እዚያም በንግግር አይለዩም። ስለዚህ የሚፈልግ የሚያበራው፣ የማይፈልግ የሚተወው ተደርጎ ነው መቅረብ ያለበት። እስከዚያው የኮሃ ማኅበረሰብ የጋራ ዊኪ (አባላቱ አብረው የሚጽፉት ድረ ገጽ) ስላለው ሕጉን ከነማብራሪያው እዚያ ያኑሩት። ቀጣዩ ባለሙያ «አዎ» ሲል ቢያጠፋው እንኳ ከዊኪው ይቀዳል።

ከዚህ ሌላ ትርጉም አለ፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው እሱ ላይ ነው። ዌብሌት በሚባል ገጽ ላይ የኮሃ ቃላት አንድ በአንድ ይቀርባሉ፣ በራስ ቋንቋ ይተረጎማሉ። በእንግሊዝኛው «ሆልድ» ለሚሉት ነገር ሦስት ሳምንት ተከራክረናል። አንዱ «ማስያዝ» ይላል፣ ሌላው «ቅድመ ጥያቄ»። እኔ አንባቢዎቼን ጠየቅኩ፤ አንዲት ተማሪ «ወረፋ መያዝ ነዋ!» አለችኝ። ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ገባዎት።

ሂርማታ (ጅማ)

እትዬ፣ ጎረቤት ነን፤ እኔ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የኛ ስብስብ ከግማሽ በላይ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የርስዎ ጣጣ በሌላ መልክ አለብን። ቁቤ ላይ ሁዳ የምንላት ምልክት አለች፣ ከላይ የምትንጠለጠል ነጠላ ጭረት። አንዱ ቀጥ ያለችውን ይጽፋል፣ ሌላው ከዎርድ ላይ ሲገለብጥ የታጠፈችው ትመጣለች፣ ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ሦስት። ደራሲዎቹንም ማሽኑ እንደ ፈረንጅ በአባት ስም ሲደረድራቸው አንድ ዓመት ቆየን። ማርክ 21 (የመጽሐፍ መዝገብ የሚጻፍበት የጋራ ቅርጽ) ላይ የደራሲ ስም በሚገባበት፣ 100 በሚባለው መስመር የመጀመሪያው አመልካች አሃዝ 1 ከሆነ «ይህ የቤተሰብ ስም ነው» ማለት ነው፤ ለእኛ 0 መሆን አለበት፣ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው። ከውጭ ቤተ መጻሕፍት በዜድ 39.50 (ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚቀባበሉበት መንገድ) መዝገብ የምትስቡ ከሆነ ይህንን እያያችሁ። ፋይሉን ስትከፍቱ ጥሩኝ፣ የሁዳን መስመርም አብረን እንጨምር። ቡናው ከእኔ።

ካርድ ሳጥን (ጅማ)

ሳምንት ዘግይቼ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። በመሃል ዝናቡ ጣሪያችንን አሳልፎ የታሪክ መደርደሪያውን ወደ መስኮቱ ስናዞር ነበር።

ፋይሉ ተገኝቷል፤ ሰርቨር ጠባቂ ያለው ቦታ፣ ያለው ቅጥያ። የሂርማታው ወንድማችን መጥቶ አብረን ከፈትነው። መጀመሪያ ያየሁት የልጁን ማስታወሻ ነው። ከመስመሮቹ በላይ በአማርኛ «ይህን የጻፍነው ለሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ነው፤ እባክዎ አያጥፉት» ብሎ ጽፎ ነበር። አዎ ባዩ አላነበበውም፣ ወይም አማርኛ ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ያደርጋል ብሎ አልፎታል።

«ዲፎልት» የተባለውም በእርግጥ ተገልብጦ ነበር፤ ያንን ባትነግረኝ ኖሮ እስከ መስቀል ስፈልግ እኖር ነበር። መስመሮቹን ቀዳን። ስንቀዳ የልጁ ዝርዝር ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። «ሐ»ን ወደ «ሀ» አምጥቷል፣ «ሃ»ን፣ «ሓ»ንና «ኃ»ን ግን ረስቷቸዋል፤ «ኣ»ንና «ዓ»ንም እንዲሁ። በ«ሀ» እና በ«አ» ዘሮች አንደኛውና አራተኛው ፊደል በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ለእሱ ዝርዝር ስሰጥ እኔም ዘንግቼው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። ለካስ በእነዚያ አሥራ አንድ የሰላም ወራት «ሃይል» ብሎ የጻፈ ሁሉ ባዶውን ሲሄድ ነበር። ማንም አልነገረኝም። አንባቢ ሲያጣ አይከራከርም፣ ይሄዳል።

ሁዳንም ጨመርን። ጠቋሚውን እንደገና መገንባት ስንጀምር አቦል ላይ ነበርን፤ ቶና ሳይቀዳ አለቀ። «ስነ ፅሁፍ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ መደርደሪያዎች ተሰልፈው መጡ። አለቃዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ስንት አስከፈለን?» አሉኝ። ሂርማታ «አንድ ጀበና ቡና፣ እሱም የኔ» አለላቸው። ፈገግ አሉ እንጂ ምንም አላሉም፤ ከእርሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ዊኪው ላይ የሚገባውን ጽፈን ጨርሰናል። ወረፋ ያዥ እንግሊዝኛውን አየችልን፣ ለትግርኛ ስሕተት የሚሆኑት መስመሮች ለብቻ ተለይተው «እነዚህን ለአማርኛ ስብስብ ብቻ» ተብሎ ተቀምጧል። ጋሼ ጡረተኛው ምሳሌዎቹን ልውሰድ ብዬ ጠይቄ ፈቅደውልኛል፤ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አሁን ከነፍቻቸው እዚያ አሉ፣ ሕጉ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማሳየት። ባግዚላ ላይም ስም አውጥቼ ጥያቄውን አስገባሁ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ከማላውቀው አገር የሚጽፍ ሰው መለሰልኝ፤ «ለሙከራ የሚሆኑ አሥር ርእሶች በትክክለኛው ሆሄና በሌሎቹ ሆሄያት ጽፈሽ ትልኪልኛለሽ?» ይላል። አሥር ብቻ? መቶ አሥራ ስድስት ላክሁለት።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶኛል፤ ለሰርቨር ጠባቂ የተተወ ነው። «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ ለያይቶ የሚጽፍ አለ፣ «ቤተመጻሕፍት» ብሎ የሚያያይዝ አለ። ይኼ የፊደል ጉዳይ ስላልሆነ ወንፊቱ አይይዘውም። ምን ይደረጋል?

ሰርቨር ጠባቂ (አዲስ አበባ)

እትዬ፣ እሱ ከባድ ነው። ለጊዜው ርእሱን በሁለተኛው መልክ ማርክ 21 ላይ 246 በሚባለው የተለዋጭ ርእስ መስመር ይጨምሩት፤ ፍለጋው ሁለቱንም ያገኛል። በእጅ የሚሠራ ነው፣ አውቃለሁ። ስንት ርእስ ይሆናል?

ካርድ ሳጥን (ጅማ)

አርባ ሦስት። ቆጥሬ ነው የመጣሁት። ነገ እጀምራለሁ።